ጎረቤትን ስለ መጠቆም፦ በሴፍቲኔት ድጋፍ ዙሪያ ለመጋቢያን የሚቀርብ ጥያቄ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚያገለግል መጋቢ ይህ ጥያቄ ይዋል ይደር እንጂ ይመጣበታል። አንዲት ምእመን ከእሑድ አምልኮ በኋላ ጠጋ ብላ፣ «አጥር የሚያዋስነን ጎረቤቴ በአካል ጉዳት ስም የሴፍቲኔት ገንዘብ ይወስዳል። ትናንት ግን ጆንያ ተሸክሞ ሲሄድ አየሁት። ለወረዳ ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ዝም ብልስ ኀጢአት ይሆንብኛል?» ትለዋለች። ብዙዎቻችን «ጸልዪበት» ብለን እናሰናብታታለን። መጸለይዋ ተገቢ ነው፤ ጥያቄዋ ግን አልተመለሰም።

አስቀድሞ የምንነጋገረው ስለ ምን ገንዘብ እንደ ሆነ ይታወቅ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድርና በመንግሥት መዋጮ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 604,000 ያህል ሰዎችን ለመድረስ ታቅዶ ነበር። ከእነዚህ 84 በመቶው መሥራት የሚችሉ ሆነው በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰሉት የአካባቢ ሥራዎች እየተሰማሩ የሚከፈላቸው ናቸው። 16 በመቶው ደግሞ በዕድሜ፣ በጽኑ ሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት ስለማይችሉ ያለ ሥራ «ቀጥታ ድጋፍ» የሚሰጣቸው ናቸው። በተጠቃሚዎች ምርጫ ውስጥ ከነዋሪው የተውጣጣ የሰፈር ኮሚቴ ድርሻ አለው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የእኅታችን ጥርጣሬ እውነት ቢሆን እንኳ ሰውየው ድኻ አይደለም ማለት አይደለም። ምናልባት ሠርቶ መከፈል ሲገባው ሳይሠሩ ከሚቀበሉት ጋር ተመዝግቦ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቦታው ውስን ስለ ሆነ አንዱ ያለ አግባብ ሲገባ ሌላው ውጭ ይቀራል። ተጎጂው «መንግሥት» የተባለ ሩቅ አካል ብቻ ሳይሆን በዚያው መንደር አልጋ ላይ የዋለች አንዲት እናት ልትሆን ትችላለች። «የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ምን አገባን» የሚለው የተለመደ አነጋገር እርሷን ረስቷል።

እንግዲህ እኅታችን ያየችው ምንድን ነው? አንድ ሰው አንድ ቀን ጆንያ ሲሸከም ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከሰባት ቀን ስድስቱን ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። የአእምሮ ሕመም ከአጥር ማዶ አይታይም። በፋብሪካ አደጋ ጀርባውን የተጎዳ ሰው ማለዳ ተሸክሞ ማታ መነሣት ያቅተው ይሆናል፤ ማታውን የሚያውቁት ቤተ ሰቦቹ ናቸው። በእኛ አገር «አካል ጉዳተኛ» ሲባል ክራንችና ነጭ በትር ብቻ ስለሚታሰበን ዐይናችን የሚፈርደው በዚያው ልክ ነው።

በዚህ ጉዳይ ዘሌዋውያን 19፥14-18ን በአንድነት ማንበብ ይጠቅማል፤ በስብከታችን ብዙ ጊዜ የምንወስደው የመጨረሻዋን ጥቅስ ብቻ ነው። ክፍሉ የሚጀምረው መስማትና ማየት የተሳናቸውን ከመበደል በመከልከል ነው። ቀጥሎ በፍርድ ለድኻም ለባለጠጋም ማድላትን ያግዳል። ከዚያም ወሬ እየለቀሙ መዞርን፣ ባልንጀራን በልብ ጠልቶ ዝም ማለትን ይከለክላል፤ ባልንጀራን ፊት ለፊት መገሠጽን ግን ያዝዛል። የባልንጀራ ፍቅር የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ ነው። ስለዚህ ፍቅር የውሸት ሽፋን አይሆንም፤ የወሬ ፈቃድም አይሰጥም።

ሌላው ክፍል ኢዮብ 29፥15-16 ነው። ኢዮብ ለዕውሩ ዐይን፣ ለአንካሳው እግር እንደ ነበረ ይናገርና ወዲያው የማያውቀውን ሰው ሙግት ይመረምር እንደ ነበረ ያክላል። ለእኔ ሁለቱ ቁጥሮች መነጣጠል የለባቸውም። ምርመራው ለተጎዳው ሰው ከሚደረገው እርዳታ ጎን የቆመ ነው፤ የሚመረምረውም ጓዳውን የሚያውቅና የሚረዳው ሰው ነው። ከመስኮት ሆኖ የሚሰልል አይደለም።

«መጠቆም» የሚለውን ቃል ስንሰማ የምንሸማቀቅበት ምክንያትም አለን። በደርግ ዘመን፣ በተለይ በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር፣ ለቀበሌ የተነገረ አንድ ቃል ሰው ያስገድል ነበር። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገድለዋል፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ተዘግተው አማኞች በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰቡ ነበር። ጎረቤት ያኔ ወይ መሸሸጊያ ነበር ወይ ጆሮ ጠቢ። ይህ ትዝታ መከበር አለበት። ሆኖም ለዛሬው ዝምታችን ሁሉ ማመካኛ ማድረጉ አግባብ አይመስለኝም፤ ያኔ ጠቋሚው ያጠፋው የሰው ሕይወት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ዝምታው የድኻን እንጀራ ሊያስወስድ ይችላል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ማንኛውም ሰው ያየውን ወንጀል ሁሉ እንዲያሳውቅ አያስገድድም፤ አለማሳወቅ የሚያስቀጣው በተለይ በከባድ ወንጀሎች ነው። በሐሰት መክሰስ ግን ራሱ ወንጀል ነው። ዘዳግም 19፥16-19 ከዚህ ጠንከር ብሎ ሐሰተኛው ምስክር በሌላው ላይ ያሰበው ቅጣት በራሱ እንዲደርስበት ያዝዛል። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኅታችን በአብዛኛው የኅሊና ነው።

መጋቢው ምን ይበላት? ማቴዎስ 18፥15 በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ ወንድም ስለ ሆነ ለማያምን ጎረቤት እንደ ደንብ ቃል በቃል አይጫንም፤ ብቻ ለብቻ የመነጋገሩ ጥበብ ግን ይሠራል። ቡና ጠጡ ብላ ትጥራው፤ «ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ብላ ትጠይቀው። ብዙው ጥርጣሬ እዚያው ያበቃል። በአንድ ጆንያ ብቻ ወደ ወረዳ መሄድን ግን እኔ አልመክርም።

ነገሩ ሌላ ከሆነ ምክሩም ይለወጣል። ሰውየው ጤነኛ መሆኑን በቅርብ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ካሉ፣ ወይም ስሙ የገባው በኮሚቴ አባል ዝምድና ወይም በጉቦ ከሆነ፣ ማሳወቅ ይገባል። ያየችውን ብቻ ትናገር፤ የሰማችውን ለይታ ሰማሁ ትበል፤ ስሟንም አትደብቅ፣ የሚያሰጋት ነገር ከሌለ በቀር።

መጋቢው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ቢጠይቃት መልካም ነው፦ «አንቺስ ተመዝግበሽ ነበር?» ተመዝግባ ስሟ ሳይወጣ ቀርቶ ከሆነ፣ ሐዘኗ የሚጀምረው ከጆንያው ሳይሆን ከዚያ ነው። በሐዋርያት ሥራ 6 የመበለቶቹ ማጉረምረም ሲሰማ ሐዋርያት ዝም በሉ አላሉም፤ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የእርሷ ቅሬታም የሚሰማበት ቦታ አለ። ማመልከቻውን አብሯት ይጻፍላት፤ ሰኞ ጠዋትም ከዲያቆናቱ አንዱ ወረዳው ድረስ አብሯት ይሂድ።