ቆማ የምታነባ ሞተር

ገና ሳምንት ሲቀረው ላሊበላ ትሞላለች። እንግዳ ይመጣል፣ ዕቃ ይመላለሳል፣ ፈጥኖ የሚደርስ ሰው ይፈለጋል። ያኔ ከክረምት ጀምራ ላስቲክ ለብሳ ጥግ የቆመችው አሮጌ ሞተር ሳይክል ትታወሳለች። ባለቤቷ አቧራዋን ጠርጎ ቤንዚኑን ይከፍትና ፔዳሏን ደጋግሞ ይመታል። አትነሳም። ትንሽ ቆይቶ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ከሥሯ ያለው መሬትም ርሷል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ከደረሰ ወዲህ፣ ጎብኚ በራቀባቸውና ቤንዚን በጠፋባቸው ወራት፣ እንዲህ የቆመ ሞተር ሳይክል ጥቂት አይደለም።

ደጋ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከፍታው ነው። ጥርጣሬው መሠረት አለው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲደርስ የሚስበው አየር ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ሞተሯ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ካንዴላዋ ጥላሸት ይለብሳል፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች። ከፍታ ግን የቆመችን ሞተር አያስነባም። ሳትነሳ ቤንዚን ከፈሰሳት ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው፣ ስንቱ ደህና ካርቡሬተር በከፍታ ተሳብቦ በሽቦ ሲጎረጎር ስላየሁ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሮቶን ማሰብ ይበቃል። ሮቶ ሲሞላ ኳሷ ከውሃው ጋር ከፍ ትልና መግቢያውን ትዘጋለች። በካርቡሬተር ሥር ያለው ጎድጓዳ ክፍልም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ቤንዚን ከማጠራቀሚያው፣ ከሳልቫትዮው፣ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ተንሳፋፊው ይነሳል፣ በእሱ ላይ የተቀመጠች ጫፈ ሹል መርፌ መግቢያውን ትደፍናለች። መርፌዋ በደንብ ካልገጠመች ቤንዚኑ ማቆሚያ የለውም፤ በትርፍ ማፍሰሻው ቱቦ ወደ መሬት፣ አንዳንዴም ወደ ሞተሩ ሆድ ይሄዳል።

መቆም መርፌዋን የሚጎዳት በብዙ መንገድ ነው። ቤንዚን ሲከርም ቀላሉ ክፍሉ ይተንና እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተዋል። ግማሽ ባዶ የቆየ ሳልቫትዮ ውስጡ ይዝጋል። በዚያ ላይ ማደያው ሲነጥፍ በሃይላንድ የተገዛው ቤንዚን አቧራና ውሃ ይዞ ይመጣል። ከጤፍ ቅንጣት ያነሰች ቆሻሻ መርፌዋ ሥር ብትገባ ያ ብቻ ይበቃል።

መፍትሔው የሚጀምረው ካርቡሬተሩን ከመፍታት አይደለም። በቅድሚያ የቤንዚኑን መክፈቻ መዝጋትና ሞተሯን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም ይገባል፤ የላሊበላ ግቢ ተዳፋት ነውና፣ በጣም ያዘነበለች ሞተር ጤነኛ ሆናም ልታፈስ ትችላለች። ቀጥሎ የካርቡሬተሩን ታችኛ ክፍል በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ነው። የተጣበቀች መርፌ ብዙ ጊዜ በዚህ ትላቀቃለች። ካልሆነ የማፍሰሻውን ቡሎን አላልቶ ቤንዚኑን በብርጭቆ መቀበል ነው፤ ውሃ ካለበት ከታች ይተኛል፣ ዝገትም ካለ ይታያል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ካርቡሬተሩ ይፈታል። ከተፈታ በኋላ ተንሳፋፊውን ጆሮ ላይ አስጠግቶ ማወዛወዝ ያስፈልጋል። ውስጡ ከተንቦጫቦጨ ቀዳዳ አለው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። የመርፌዋን ጫፍ በጥፍር መዳሰስ ነው፤ ዙሪያውን የቀለበት ቅርጽ ከተሰማ አርጅታለችና ትቀየር። የምትቀመጥበት ቀዳዳ በጨርቅ እንጂ በሽቦ አይነካም። ካርቡሬተሩን ዘቅዝቆ በንጹሕ ቱቦ በቤንዚን መግቢያው ሲነፉበት አየሩ መታገድ አለበት፤ ቀና ሲደረግ ደግሞ ማለፍ። ይህን ፈተና ያለፈች መርፌ ልትታመን ትችላለች።

ከፍታን ከጥፋቱ ነጻ ሳወጣ አንድ ነገር ማስቀረት አለብኝ። ከቆቦ ሜዳ፣ ከ1,500 ሜትር ገደማ፣ በሃይላንድ የመጣ ቤንዚን ላሊበላ ሲደርስ ጠርሙሱ ተነፍቶ ይታያል። የሳልቫትዮ ክዳን መተንፈሻም በአቧራ ከተደፈነ እንዲሁ ይሆናል፤ ዳገት ተወጥቶ ፀሐይ ሲያገኘው በውስጡ የታፈነው ግፊት ቤንዚኑን በመርፌዋ ላይ ይገፋዋል። ክዳኑን ሲከፍቱት እፍ ካለና ፍሳሹ ከቀነሰ መጽዳት ያለበት ክዳኑ ነው።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይታለፍ። ባለ አራት ምት ሞተር ሌሊቱን ስታፈስ ካደረች ዘይቷን ማሽተት ያስፈልጋል። ቤንዚን ቤንዚን ካለና መጠኑ ከጨመረ ሳይቀየር ፔዳሏ አይመታ፤ የቀጠነ ዘይት ብረት ከብረት ያፋትጋል። ሥራው ሁሉ ደጅ ይሁን፤ ከከሰል፣ ከጧፍ፣ ከሲጋራ የራቀ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱ ያለበት ይደርሳል።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ የትርፍ ማፍሰሻውን ቱቦ ጫፍ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አስገብቶ ቤንዚኑን መክፈትና ግማሽ ሰዓት አጠገቧ መቀመጥ ነው። ሃይላንዱ ደረቅ ከሆነ ፔዳሏ ይመታ።