ቀፎ፣ ማከማቻ፣ ኃይል መጋቢ፦ ስለ ቤት ኮምፒዩተር ክፍሎች ስያሜ

የሙያ ቃላትን በሚመለከቱ ጥናቶች የአንድ ስያሜ መልካምነት ዘወትር የሚመዘነው በሥርወ ቃሉ ትክክለኛነት፣ ለእርባታ ባለው አመቺነትና በአነጋገር ቅለቱ ነው። መመዘኛዎቹ ተገቢ መሆናቸው አያከራክርም። ይሁን እንጂ አራተኛ መመዘኛ አለ፤ እርሱም ስያሜው ተጠቃሚውን ከስሕተትና ከኪሳራ ያድነዋል ወይ የሚለው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን መመዘኛ መሠረት አድርገን፣ በአነስተኛ ገንዘብ ለዕለት ተዕለት የቤት አገልግሎት ኮምፒዩተር ለማስገጣጠም የተነሣ ሰው የሚያጋጥሙትን ዋና ዋና ስያሜዎች እንመረምራለን። ጉዳዩን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተገጣጣሚ ኮምፒዩተር እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው በስሙ ተጠርቶ የሚገዛ በመሆኑ፣ የስም ስሕተት ወዲያውኑ የገንዘብ ስሕተት ይሆናል።

ሀ. አንድ ስም ለሁለት ነገር

አንድ መምህር ኮምፒዩተሩ ተንቀራፎበት ባለሙያ ቢያማክር «ሜሞሪ ጨምርበት» ተባለ እንበል። መምህሩ ወደ ገበያ ወርዶ ትልቅ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ይመለሳል። ኮምፒዩተሩ ግን እንደ ቀድሞው ይንቀራፈፋል። ባለሙያው አልዋሸም፤ መምህሩም አልሰነፈም። ጥፋቱ የቃሉ ነው።

በንግግር ቋንቋ «ሜሞሪ» ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚገለገልበትን ራም፣ ሰነድና ፎቶግራፍ የሚቀመጥበትን ዲስክ፣ በስልክ ውስጥ የሚገባውንም ካርድ ይጠራል። በአማርኛ የተተካለት «ማኅደረ ትውስታ» ይህን አሻሚነት አላስወገደውም፤ እንዲያውም አጠናክሮታል ለማለት ይቻላል። እንደሚታወቀው ማኅደር «ኀደረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ማደሪያ ነው። በአማርኛ የዳዊት መጽሐፍ የሚገባበትን የቆዳ ማኅደርና በመሥሪያ ቤት የባለጉዳይን ወረቀት የሚይዘውን ማኅደር እንጠራበታለን። በሁለቱም ዘንድ የገባው ነገር እስኪወጣ ድረስ ይቆያል። ራም ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ይለቃል። አንዲት ሌሊት እንኳ የማያሳድረውን ክፍል ማኅደር ብሎ መጥራት ቃሉን ከሥሩ ጋር ማጣላት ነው።

ልዩነቱን ለማስረዳት ጎተራንና ሰፌድን ማሰብ ይበቃል። እህሉ የሚከማቸው በጎተራ ነው፤ የሚበጠረውና የሚለቀመው ግን ሰፌድ ላይ ወጥቶ ነው። ሰፌዱ ጠባብ ከሆነ ጎተራው ቢሰፋም ሥራው አይፋጠንም። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ለጽሕፈት፣ ኢንተርኔት ለመመልከትና ቪዲዮ ለማየት 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል፤ 16 ጊጋባይት ከሆነ ይመቻል። ለማከማቻው 256 ወይም 512 ጊጋባይት የቤት ተጠቃሚን አያሳንሰውም። ዊንዶውስ 11 ራሱ በዝቅተኛ ደረጃ የሚጠይቀው 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ሁለቱ መጠኖች በአንድ መለኪያ ስለሚነገሩ፣ በዝርዝር ላይ የሚለያያቸው ስማቸው ብቻ ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም «ማኅደረ ትውስታ» ካላቸው ገዢው የሚይዘው ነገር የለውም።

ስለሆነም ለመጀመሪያው «የሥራ ትውስታ»፣ ለሁለተኛው «ማከማቻ» እንዲባል እናሳስባለን። «ማከማቻ» በስልኮች የአማርኛ ገጽ ላይ ስለሚገኝ ለተጠቃሚው እንግዳ አይሆንም። ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ የማከማቻ ዓይነቶች እንደመሆናቸው በውሰት ስማቸው ሊቆዩ ይችላሉ። «ሃርድ» የሚለውን «ጠንካራ»፣ ሌላውን ደግሞ «ጠጣር» ብሎ መተርጎም ልዩነታቸውን ይሰውራል። ቁም ነገሩ አንዱ የሚሽከረከር ሰሌዳ ያለው፣ ሌላው ተንቀሳቃሽ አካል የሌለውና እጅግ የፈጠነ መሆኑ ነው።

ለ. ሙሉው በከፊሉ ስም ሲጠራ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው ሣጥን በሙሉ «ሲፒዩ» ይባላል። በሙያው አጠራር ግን ሲፒዩ በሣጥኑ ውስጥ ያለ፣ በመዳፍ የሚያዝ አነስተኛ ክፍል ነው። ከፊልን ለሙሉ ማዋል በቋንቋ የተለመደ ስለሆነ ተናጋሪውን መውቀስ አይገባም። ዳሩ ግን «ሲፒዩ ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጻፍ ማስታወሻ፣ ዐሥር ብር የማያወጣ ሽቦ የተነቀለበትን ሣጥን ሊያስጥል፣ ወይም ደኅናውን ክፍል በአዲስ ሊያስለውጥ ይችላል።

ለክፍሉ «አንጎለ ኮምፒዩተር» የሚለው ስያሜ ስለተለመደ ቢጸና መልካም ነው። የጎደለው ለባዶው ሣጥን የሚሆን ስም ነው። ለዚህም «ቀፎ» የሚለው ቃል ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል። ቀፎ ንቡ ሳይገባበትም ቀፎ ነው፤ ሕዝቡም «የስልክ ቀፎ» በማለት ቃሉን ወደዚህ መስክ ቀድሞ አምጥቶታል።

ሐ. ስም የሆኑ ፊደላትና ቁጥሮች

ተርጓሚዎች እንደ ተራ ምልክት ቆጥረው የሚያልፏቸው ፊደላት አንዳንድ ጊዜ ከቃላቱ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። በ2014 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበውን የኢንቴልን ኮር አይ3-12100 እንውሰድ። ከእርሱ ጋር ኮር አይ3-12100ኤፍ የተባለም አለ። የመጀመሪያው የምስል ማሳያ ክፍል በውስጡ አለው፤ «ኤፍ» የተቀጠለበት ግን ይህ አይሠራለትም። ባለ «ኤፍ»ው በዋጋ ረከስ ስለሚል ቆጣቢውን ገዢ ይስበዋል። ነገር ግን ለብቻው የሚሸጥ የምስል ካርድ ካልተጨመረለት በቤት ኮምፒዩተር ላይ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። እንግዲህ ይህች ፊደል በአማርኛ ግሥ ላይ እንዳለ የአሉታ ምዕላድ የምትሠራ ቅጥያ ናት። በትርጉም ጊዜ ብትጣል ዐረፍተ ነገሩ ከአሉታ ወደ አዎንታ ይገለበጣል።

በዲዲአር4ና በዲዲአር5 መካከል ያለውም ልዩነት እንዲሁ ነው። ሁለቱም የሥራ ትውስታ ዓይነቶች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 288 መገናኛ ነጥቦች አሏቸው፤ ሆኖም ማስገቢያውን የሚያመላክተው ጎድጎድ በተለያየ ቦታ ስለሆነ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። ከላይ የጠቀስነው አንጎለ ኮምፒዩተር ሁለቱንም ይቀበላል፤ የትኛው እንደሚገባ የሚወስነው ግን ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት እናት ሰሌዳ ነው። «እናት ሰሌዳ» የሚለው ትርጉም ቃል በቃል ቢሆንም «እናት ክፍል» እንደሚባለው ሁሉ ከአማርኛ ጠባይ ጋር ስለሚስማማ የሚነቀፍበት ምክንያት አይታየንም።

መ. ኃይል መጋቢ

ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለው መሣሪያ በአንዳንድ ትርጉሞች «ኃይል» ብቻ፣ በሌሎች «የኃይል አቅርቦት» ተብሎ ይገኛል። «የኃይል አቅርቦት» የአገሪቱን የመብራት አገልግሎት እንጂ አንድን ዕቃ አያስታውስም። «መብራቱን አስተካክል» እንደማለት ያህል ይሰፋል። «መጋቢ መንገድ» በሚለው አገባብ መሠረት «ኃይል መጋቢ» ብንለው የሥራው ጠባይ በግልጽ ይታያል።

ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም። በአንዳንድ ቆየት ያሉ ወይም ርካሽ ኃይል መጋቢዎች ጀርባ 115 እና 230 የተጻፈበት መቀያየሪያ ይገኛል። በኢትዮጵያ መስመሩ 220 ቮልት ስለሆነ መቀያየሪያው 115 ላይ እንዳለ ቢሰካ መሣሪያው ይቃጠላል። ስለዚህ የዚህ ማስጠንቀቂያ ትርጉም ለሙያተኛ ብቻ ሳይሆን ዲቫይደር ላይ ለሚሰካው ለማንኛውም ሰው መግባት አለበት።

ሠ. ስለ ውሰት ቃላት

በስያሜ ሥራ በቅድሚያ ነባሩን አማርኛ፣ ቀጥሎ ግዕዝንና ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን መፈተሽ፣ በመጨረሻም መዋስ የተለመደ ነው። ሆኖም ውሰት ሁልጊዜ የሽንፈት ምልክት አይደለም። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን ከጣሊያንኛ መጥተው በጋራዥ ዘንድ ያለ እንከን ያገለገሉት እያንዳንዱ አንድን ነገር ብቻ ስለሚጠራ ነው። በአንጻሩ ሞኒተርን ከእንግሊዝኛው ግሥ ጋር በማምታታት «መቆጣጠሪያ» የሚል ትርጉም አማርኛ ነው፤ ግን ማንንም አይረዳም። «ስክሪን» ይሻላል።

ከላይ የተመለከትናቸውን ሐሳቦች እንደሚከተለው ማጠቃለል ይቻላል፦

ራም፦ የሥራ ትውስታ
ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ በጋራ፦ ማከማቻ
ሲፒዩ፦ አንጎለ ኮምፒዩተር
ኬዝ፦ ቀፎ
ማዘርቦርድ፦ እናት ሰሌዳ
ፓወር ሰፕላይ፦ ኃይል መጋቢ
ሞኒተር፦ ስክሪን

እነዚህ ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። መፈተኛቸውም የእኛ ጠረጴዛ ሳይሆን የሻጩ መደርደሪያ ነው። ቃሉን የማያውቅ ገዢ ዝርዝሩን ይዞ ሄዶ የፈለገውን ዕቃ ይዞ ከተመለሰ ስያሜው ሠርቷል፤ ካልሆነ ሥርወ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ቃሉን መለወጥ ይገባናል።