ስለ ርቀት ትምህርት በትናንሽ አገሮችና በደሴቶች

ከፍተኛ ትምህርትን ለሕዝባቸው ለማዳረስ የሚደክሙ መንግሥታት ሁሉ በገንዘብ እጥረት፣ በመምህራን ማነስና በመንገድ ርዝመት መቸገራቸው የታወቀ ነው፤ ከነዚህ ሁሉ በተጨማሪ ግን የገዛ ራሳቸው ማነስ ዐቢይ ዕንቅፋት የሆነባቸው አገሮች አሉ። አሥራ አንድ ሺህ ያህል ሕዝቧ በዘጠኝ ደሴቶች ላይ ተበታትኖ የሚኖረው ቱቫሉ፣ ጠቅላላ ምድሯ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነው ናውሩ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ከሳሞአ ተነሥቶ በመርከብ ካልሆነ በቀር የማይደረስባት ቶክላው፣ እያንዳንዳቸው የሕግና የሕክምና፣ የምሕንድስናና የመምህርነት ትምህርት የሚሰጥበት ሙሉ ዩኒቨርስቲ ያቁሙ ቢባል፣ ሕንፃውን የሚያሠራ ለጋሽ ቢገኝ እንኳ ለየክፍሉ የሚበቃ ተማሪ አይገኝም። ወጣቶቹን ወደ ውጭ አገር ልኮ ማስተማርም የራሱ መከራ አለበት፤ ወጪው ከፍ ያለ ከመሆኑም በላይ የሄደው ሁሉ አይመለስም፤ በካሪቢያን አካባቢ በተለይ ከጉያናና ከጃማይካ ከፍተኛ ትምህርት ከፈጸሙት ልጆች የሚበዙት በባዕድ አገር ነዋሪዎች ሆነው መቅረታቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ተማሪው ወደ ትምህርቱ መሄድ ካልቻለ ትምህርቱ ወደ ተማሪው ይሂድ የሚለው አሳብ ግን በነዚህ ትናንሽ አገሮች አልተወለደም። የለንደን ዩኒቨርስቲ በአዳራሹ ላልተማሩ ሰዎች ፈተናውን የከፈተው በ1858 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፤ የብሪታንያ ኦፕን ዩኒቨርስቲም በ1969 ተመሥርቶ በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲቀበል፣ ቀድሞ ያገኙትን የምስክር ወረቀት ሳይጠይቅ በሩን ለፈቃደኞች ሁሉ ከፍቷል። ይህ ታላቅ ተቋም የቆመበት ስሌት በአጭሩ እንዲህ ነው፤ አንድን ትምህርት ለርቀት ተማሪ ማሰናዳት፣ ይኸውም መጽሐፉን መጻፍ፣ ማረም፣ ማሳተም፣ የድምፅና የሥዕል መርጃውን ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተሰናዳ በኋላ ለአንድ ሺህም ለአሥር ሺህም ተማሪ ስለሚበቃ፣ ወጪው በብዙ ሰው ላይ ተከፋፍሎ ለያንዳንዱ ጥቂት ይደርሰዋል። ያው ትምህርት አርባ ተማሪ ብቻ ለሚገኝበት ደሴት ሲሰናዳ ግን ድካሙም ወጪውም አይቀንስም፤ አካፋዩ ብቻ ያንሳል። ስለዚህ ትናንሾቹ አገሮች የትልቆቹን ሥርዓት እንዳለ ገልብጠው ሊሠሩበት አልቻሉም፤ አስቀድሞ እርስ በርሳቸው መተባበር ነበረባቸው።

የዚህ መተባበር ከሁሉ የሚደነቀው ምሳሌ በ1968 በፊጂ ዋና ከተማ በሱቫ የተመሠረተው የደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርስቲ ነው። ግቢው በላውካላ የባሕር ወሽመጥ ዳር ሲሆን፣ ቦታው ቀድሞ የኒውዚላንድ አየር ኃይል የባሕር አውሮፕላኖች ጣቢያ ነበር። ባለቤቶቹ አንድ መንግሥት ሳይሆኑ አሥራ ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ፊጂ፣ ሳሞአ፣ ቶንጋ፣ ኪሪባቲ፣ ቱቫሉ፣ ናውሩ፣ ኒዩ፣ ቶክላው፣ ቫኑዋቱ፣ የኩክ ደሴቶች፣ የሰሎሞን ደሴቶችና የማርሻል ደሴቶች ናቸው። እነዚህ አገሮች የተዘረጉበት የባሕር ስፋት 33 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ልብ ላለው ሰው፣ የአህጉር ስፋት ባለው ውሃ ላይ አንድ ዩኒቨርስቲ መትከል ምን ያህል ድፍረት እንደ ጠየቀ ይገባዋል። ዩኒቨርስቲው በሱቫ ብቻ አልተወሰነም፤ የእርሻ ትምህርቱ በሳሞአ በአላፉዋ፣ የሕግ ትምህርቱ በቫኑዋቱ በፖርት ቪላ እንዲሰጥ ተደርጓል፤ በየአገሩም ተማሪዎች መጽሐፍ የሚቀበሉበት፣ የሚፈተኑበትና የሚመካከሩበት ማዕከል ተከፍቷል።

በመጀመሪያው ዘመን የርቀት ትምህርቱ መልእክተኛ መርከብና ትንሽ አውሮፕላን ነበር። የታተመው ትምህርት በጥቅል ታሽጎ ይላካል፤ ተማሪው የሠራው የቤት ሥራም በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ ታርሞ እስኪደርሰው ድረስም የመርከቡን ተራ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ይህን መጓተት ለማቃለል በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ መልካም አጋጣሚ ተገኘ። አሜሪካኖች በ1966 ለሙከራ ያመጠቋት ኤ.ቲ.ኤስ. 1 የተባለችው ሳተላይት የመጀመሪያ ተግባሯን ፈጽማ ስለ ነበር፣ ለትምህርትና ለሕዝብ ጥቅም እንድታገለግል ተፈቀደ፤ በዚህም የሱቫ መምህር በብዙ መቶ ማይል ርቀት በየማዕከሉ ከተሰበሰቡት ተማሪዎች ጋር በድምፅ ይነጋገር ጀመር። ሥዕል አልነበረም፤ ድምፁም ሁልጊዜ ጥሩ አልነበረም፤ ሆኖም በገለልተኛ ደሴት ተቀምጦ ለብቻው ሲያነብ ለኖረ ሰው የመምህሩን ድምፅ መስማትና በሌላ ደሴት ያለ ባልንጀራው ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ መስማት ከባድ ብቸኝነትን የሚያስወግድ ነገር ነበር። በ1985 ሳተላይቷ ከስፍራዋ ስትለቅ ግንኙነቱም ተቋረጠ፤ ዩኒቨርስቲው በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ርዳታ ድምፅንም ሥዕልንም የሚያስተላልፍ የራሱን መረብ አደራጅቶ ለማስመረቅ እስከ 2000 ድረስ ጠብቋል። በተውሶ የተገኘ መሣሪያ በተውሶነቱ እንደሚቀርና ባለቤቱ ሲተወው ተማሪውም እንደሚቀር ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

በካሪቢያን ባሕር ያለው የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርስቲም በ1948 በጃማይካ ከተመሠረተ በኋላ በትሪኒዳድና በባርቤዶስ ቅርንጫፎች ተክሎ፣ ቅርንጫፍ ላልደረሳቸው ደሴቶች ደግሞ በ1983 የስልክ ጉባኤ ሙከራ ጀምሮ በ2008 የርቀት ትምህርቱን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎታል። የመተባበር ነገር ሁሉ ግን እንዲህ የጸና አይደለም። ቦትስዋና፣ ሌሶቶና ስዋዚላንድ በ1964 በጋራ ያቋቋሙት ዩኒቨርስቲ ሌሶቶ በ1975 ተለይታ በመውጣቷ ፈርሷል፤ እያንዳንዱ መንግሥት የገዛ ስሙ የተጻፈበትን ተቋም መሻቱ የሚገባ ክብር ቢሆንም፣ በጋራ ይሸከሙት የነበረው ወጪ ለየብቻ ከብዷቸዋል።

በ1987 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ የተሰበሰቡት የኮመንዌልዝ መሪዎች የርቀት ትምህርትን የሚያስፋፋ አንድ ማኅበር እንዲቋቋም ወስነው፣ ኮመንዌልዝ ኦፍ ለርኒንግ የተባለው ድርጅት በሚከተለው ዓመት ተቋቋመ። የኮመንዌልዝ የትምህርት ሚኒስትሮች በ2000 በዚያው በካናዳ በሃሊፋክስ ባደረጉት ጉባኤ የቀረበው አሳብ ደግሞ ከዚህ ራቅ ያለ ነበር፤ ሠላሳ ያህል ትናንሽ አገሮች አንድ የጋራ የበይነ መረብ ዩኒቨርስቲ ይኑራቸው የሚል ነው። የተገኘው ነገር በእውነቱ ዩኒቨርስቲ ሳይሆን የዩኒቨርስቲዎች ኅብረት ነው፤ መዓርግ አይሰጥም፤ መዓርግ የሚሰጡት ተቋሞች ግን በኅብረት የሚገለገሉበትን ትምህርት ያሰናዳል። በ2006 ከየአገሩ የተውጣጡ መምህራን በሞሪሽየስ ተሰብስበው ትምህርቱን አብረው መጻፍ ጀመሩ፤ የጻፉትንም ማንም ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ ለአገሩ እንደሚስማማ አድርጎ እንዲያሻሽለው ፈቀዱ። ዩኔስኮ ከ2002 ጀምሮ የሚያስፋፋው፣ በ2019ም ለአባል አገሮቹ በውሳኔ ሐሳብ ያጸናላቸው የክፍት ትምህርት ሀብት አሳብ ይኸው ነው። በ2010 ደግሞ በአንዱ ደሴት የተገኘ የምስክር ወረቀት በሌላው የሚታወቅበት የጋራ መመዘኛ ወጣ። ለእኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ መመዘኛ ነው፤ ከገዛ አገሩ ውጭ ዋጋ የሌለው ዲግሪ ለትንሽ አገር ልጅ ግማሽ ዲግሪ ነውና።

እስከዚህ ድረስ ያልነው ሁሉ ትምህርቱ ከባሕር ማዶ እንዴት እንደ ደረሰ ነው። ደርሶ ደግሞ ማንን አገኘ፣ ማንንስ አለፈ የሚለው ጥያቄ የበለጠ ሐተታ ይፈልጋል፤ የተገለለው ሰው በየአገሩ አንድ ዐይነት አይደለምና። በብዙ አገሮች ከትምህርት የሚቀሩት ሴቶች ልጆች መሆናቸው እውነት ነው፤ በሌሶቶ ግን ወንዶቹ ልጆች ከብት ሊጠብቁ ወደ ተራራ ስለሚወጡ ማንበብ የሚችሉት ሴቶች ከወንዶች ይበልጣሉ። እረኝነትን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ብዙ ማስረዳት አያሻውም፤ የቆሎ ተማሪ አቁማዳውን ተሸክሞ ወደ መምህሩ ይሄድ ይሆናል፤ እረኛ ግን መንጋውን ጥሎ የትም አይሄድም። በ1974 የተከፈተው የሌሶቶ የርቀት ማስተማሪያ ማዕከል ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ለእነዚህ እረኞች ማንበብን፣ መጻፍንና ሒሳብን ማድረስ ነበር። በካሪቢያንም እንዲሁ የዌስት ኢንዲስ የርቀት ተማሪዎች የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ እዚያ ሊፈለግ የሚገባው የጠፋው ወንድ ነው። የናሚቢያ የክፍት ትምህርት ኮሌጅ ደግሞ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈተና ወድቀው ከትምህርት ቤት የወጡትን ወጣቶች መልሶ ሲሰበስብ ቆይቷል።

የቋንቋ ነገር ከዚህም የከበደ ነው። ሕዝቧ ሦስት መቶ ሺህ ያህል ብቻ የሆነው ቫኑዋቱ ከአንድ መቶ በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አገር ናት፤ እስከ 1980 ድረስ እንግሊዝና ፈረንሳይ በአንድነት ስለ ገዟትም ትምህርት ቤቶቿ በሁለት የባዕድ ቋንቋዎች ተከፍለው ቀሩ። ከሱቫ የሚመጣው የርቀት ትምህርት በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ፣ በፈረንሳይኛ ለተማረው ወጣት ደጁ ድረስ መጥቶ እንኳ የተዘጋ መጽሐፍ ነው። አካል ጉዳተኞችንም በብዙ ደሴቶች የሚጠብቃቸው ይኸው የደረሰ ግን ያልተከፈተ ትምህርት ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2006 ያጸደቁት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ24ኛው አንቀጹ ማንንም የማያስቀር ትምህርትን መብት አድርጎታል፤ በ2013 በማራኬሽ የተፈረመው ውልም መጻሕፍት ለዐይነ ስውራን በሚነበብ መልክ ሲዘጋጁ የደራሲ መብት ሕግ ዕንቅፋት እንዳይሆን በር ከፍቷል። ሆኖም ለማየት ለሚቸገረው ተማሪ በኮምፒዩተር ላይ የተቀረጸ መጽሐፍ፣ ጽሑፉ በሥዕል መልክ ብቻ ከተቀመጠና በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ የማይለየው ከሆነ፣ ከቀድሞው ወረቀት በምንም አይሻልም። መስማት ለተሳነውም ጽሑፍ ያልተጨመረበት የቪዲዮ ትምህርት እንዲሁ ነው። ይህን ማረም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትምህርቱ ሲሰናዳ ገና ከመነሻው ተማሪው ማን እንደሆነ ማሰብን ነው።

የበይነ መረብ መስፋፋት ብዙዎችን ያስደሰተ ቢሆንም፣ በአንዲት ገመድ ላይ የተንጠለጠለ አገር ምን እንደሚገጥመው ቶንጋ አሳይታናለች። ጥር 15 ቀን 2022 ሁንጋ ቶንጋ የተባለው የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አገሪቱን ከዓለም ጋር የሚያገናኘው ገመድ ተበጠሰ፤ ተጠግኖ እስኪመለስ ድረስ አምስት ሳምንት ያህል ወሰደ፤ ወደ ውጪዎቹ ደሴቶች የሚሄደው የአገር ውስጥ ገመድ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይጠገን ቆየ። በእነዚህ ደሴቶች ላለ ተማሪ ትምህርቱ በሙሉ በበይነ መረብ ብቻ የተቀመጠ ቢሆን ኖሮ ዓመቱ በከንቱ ባለፈበት ነበር። ኮመንዌልዝ ኦፍ ለርኒንግ ያዘጋጀው አፕተስ የተባለ ትንሽ መሣሪያ ከማናቸውም መረብ ሳይገናኝ፣ በባትሪ ኃይል ብቻ እየሠራ በውስጡ የተከማቸውን ትምህርት በአካባቢው ላሉ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ያድላል፤ የታተመው መጽሐፍም ገና አላረጀም።

ነገር ግን መጽሐፉም መሣሪያውም ብቻቸውን ሆነው ተማሪን እስከ ፍጻሜ አያደርሱም። በርቀት ትምህርት የሚመዘገበው ሰው ብዙ፣ የሚፈጽመው ጥቂት የሚሆነው፣ በመካከል ሲደክመው የሚጠይቀውና የሚያበረታታው ሰው በአጠገቡ ባለመኖሩ ነው። ማዕከልና አማካሪ መምህር ባለበት ደሴት የሚጀምረው ሁሉ ባይፈጽም እንኳ፣ የሚያቋርጠው ተማሪ ለምን እንዳቋረጠ ይታወቃል፤ ተመልሶ እንዲጀምርም የሚጠራው ሰው አለ። መንግሥታትና ለጋሾች ግን መሣሪያን አንድ ጊዜ ገዝተው ማስመረቅን እንጂ፣ ለአንድ አማካሪ መምህር ዓመት በዓመት ደመወዝ መቁረጥን እምብዛም አይወዱም። በሱቫም ሆነ በጃማይካ፣ በሌሶቶም ሆነ በናሚቢያ በዚህ ሥራ ላይ ገንዘብ ለማዋል የሚያስቡ ሁሉ ከሚመጣው በጀታቸው አስቀድመው የእነዚህን መምህራን ደመወዝ ይመድቡ፤ ገመዱና ሳተላይቱ ከዚያ በኋላ ይታሰብ።