ዕርቁ አይቅር፤ ፎቶው ግን ይቅደም

ጥር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባሕር ዳር። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ወደ ጣና ይወርዳሉ። አበባ የለበሱ መኪኖች፣ ሚዜ የጫኑ ሚኒባሶች፣ ቪዲዮ ቀራጩን በጣሪያ መስኮቱ ያወጣው ላንድክሩዘር፣ በመሃል የሚሽሎከለኩት ባጃጆች ሁሉ ዘንባባ በተተከለበት ጎዳና ይተራመሳሉ። በሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎችና መናፈሻዎች ግቢ ደግሞ ይህን ሁሉ መኪና አይችልም። መውጫው አጠገብ አንድ ወጣት ክንዱን እያወዛወዘ “ና! ና! ና! ቁረጥ! ቁረጥ!” ይላል። አንድ ቪትዝ ወደ ኋላ ይመጣል። ከትይዩው ረድፍ አንድ ፒክአፕም ወደ ኋላ ይመጣል። ልጁ “በቃ!” ሲል ድምፁና የብረቱ ድምፅ እኩል ይሰማሉ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው ይከብባል። “ሰው ተርፏል? ተመስገን ነው፤ ብረት ይሠራል” ይባላል። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከሰርጉ ወጥተው “ተዉ ልጆቼ፣ በሰርግ ቀን ክስ አያምርም” ይላሉ። የፒክአፑ ሾፌር “ጋሸ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” ይላል። የቪትዙ ባለቤት ጭረቱን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው “ተወው፣ ግዴለም” ይላሉ። ይጨባበጣሉ፤ መኪኖቹም ይንቀሳቀሳሉ። ሰኞ ጋራዥ ሲደርሱ ላሜራ ሠሪው የኋላውን ባምፐር ያወልቅና የውስጡ ብረት መጣመሙን፣ የኋላ መብራቱ መያዣ መሰበሩን፣ በሩም በደንብ አለመግጠሙን ያሳያል። “ግዴለም” ያሉት ነገር የአንድ ወር ደመወዝ ሆኖ ቁጭ ይላል።

በዚህ ምዕራፍ ዕርቅን ልነቅፍ አልተነሣሁም። በፓርኪንግ ግጭት ላይ ትልቁ ሀብታችን እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከደም ግፊት ያድናል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሲጨባበጡ ያላዩት ሦስተኛ ሰው እዚያው ቆሟል፤ እሱም የመድን ድርጅቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለዎት ድርጅቱ መኪናዎን ያሠራልዎታል። ከዚያ ጥፋተኛው ሌላው ሰው ከሆነ በእርስዎ እግር ገብቶ ያወጣውን ገንዘብ ከእሱ ወይም ከእሱ መድን ሰጪ ይጠይቃል። ሕግ አዋቂዎች መዳረግ ይሉታል። እርስዎ ግን በሰው ፊት “ምሬሃለሁ፣ ምንም አልጠይቅህም” ካሉ፣ ይባስ ብሎም በወረቀት ከፈረሙ፣ ድርጅቱ የሚገባበትን በር ዘግተውበታል። በሩን የዘጋ ደንበኛ ደግሞ በሕጉ መሠረት የራሱን ካሳ ሊያጣ ይችላል። በተቃራኒው ወገን ያለውም አፉን መጠበቅ አለበት፤ “ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ” ማለት በአብዛኛው የመድን ውል ያለ ድርጅቱ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ደኅና የሚባለው ንግግር “አይዞህ፣ ሰው ተርፏል፤ ለኢንሹራንሶቻችን እናሳውቅና እንነጋገራለን” የሚል ነው። ሽማግሌውም በዚህ አይቀየሙም።

አሁን ጥፋቱ የማን ነው ወደሚለው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆያለን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2084 ስለ ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ግጭት ይናገራል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ፕሮፌሰሩ በባሕር ዳር ቪትዝና ፒክአፕ ጀርባ ለጀርባ ይገናኛሉ ብለው አስበው እንደሆነ እንጃ፤ ሕጉ ግን ለዚህ ጉዳይ ልክ ተሰፍቶ የተሠራ ይመስላል። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው መድረስ እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመታል፤ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ይህ ግምት የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ነው።

በቁጥር እንየው። የቪትዙ ማሠሪያ 40,000 ብር፣ የፒክአፑ 10,000 ብር ነው እንበል። ድምሩ 50,000፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 25,000 ነው። የፒክአፑ ባለቤት በራሱ መኪና ላይ የደረሰው 10,000 ብቻ ስለሆነ ለቪትዙ 15,000 ብር ይጨምራል። “ሁላችንም የየራሳችንን እናሠራ” የሚለው የተለመደው ፍርድ ከሕጉ ጋር አንድ አይደለም ማለት ነው። ፍትሐዊ የሚመስለው መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ብቻ ነው። ቪትዝ ከፒክአፕ ጋር ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ያው ቪትዙ ነው።

ቪትዙ ቆሞ ከነበረ ሒሳቡ ይገለበጣል። የቆመን መኪና ወደ ኋላ መጥቶ የመታ ሾፌር እኩል ድርሻ ይገባኛል ብሎ መከራከር ይከብደዋል። እንግዲህ 25,000 ብሩ የተንጠለጠለው “ቆሜ ነበር” እና “እየመጣህ ነበር” በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ነው። ለዚህ ነው ፎቶው ከዕርቁ ይቅደም የምለው። ሰዎች የሚያነሡት የተቧጨረውን ቦታ ብቻ አቅርበው ነው፤ እሱን ጋራዡም ያየዋል። ነገ የማይገኘው ዛሬ ያለው አቋም ነው። መኪኖቹ ሳይነኩ ራቅ ብለው ሁለቱንም በአንድ ፎቶ ያስገቡ። ጎማዎቹ ወዴት እንደዞሩ፣ ከአጥሩ ወይም ከዛፉ ምን ያህል እንደራቁ፣ መስመር ካለ ከመስመሩ ውስጥ መሆን አለመሆናቸውን፣ የሁለቱንም ታርጋ፣ መሬት ላይ የወደቀውን የመብራት ስባሪ ያንሡ። ከዚያ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬውንና በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት። ሁሉም ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ከኋላ ጡሩምባ የሚያስጮኸው ሰርገኛ ሦስት ደቂቃ ይታገሥ።

“ና ና” ሲል የነበረውን ልጅ አይርሱት። መኪናውን የሚነዱት እርስዎ ስለሆኑ “እሱ ና ብሎኝ ነው” የሚለው ምክንያት ለትራፊኩም ለመድን ድርጅቱም ብዙ አይጠቅምዎትም። ግን ከሁለታችሁም ወገን ያልሆነ የዓይን ምስክር እሱ ብቻ ነው። ስልኩን ይያዙ፤ ከሰደቡት ግን ምንም አላየሁም ይልዎታል። በአንዳንድ ግቢዎች በር ላይ “ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ አይደለንም” የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል። ያ ጽሑፍ በገጨዎት ሰውና በእርስዎ መካከል ያለውን ነገር አይነካውም።

ትራፊክ መጥራቱ ለብዙዎች ነገር ማክረር ይመስላቸዋል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፤ አንድ ጊዜ በቃል ተስማምተን ከተለያየን በኋላ የሰውየው ስልክ ለሁለት ሳምንት ዝግ ሆነብኝ፣ የእኔ መድን ሰጪ ደግሞ “የፖሊስ ማስረጃ የታለ?” አለኝ። ትራፊኩ መጥቶ ፕላን ካነሣ የሁለታችሁም ቃል ሳይቀዘቅዝ ይመዘገባል። በኋላ ለመድን ድርጅቱ የሚቀርበው ማስረጃም የሚወጣው ከዚያው ነው። ለትንሽ ጭረት ያለ ፖሊስ ማስረጃ የሚያስተናግዱ ድርጅቶች አሉ፤ ሌላ ሰው የሚጠየቅበት ጉዳይ ከሆነ ግን ያለሱ መሄድ አስቸጋሪ ነው።

“ኢንሹራንስ አለኝ” የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንም ባለመኪና እንዲገባ የሚገደደው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ ከእሱ በፊት አዋጅ 559/2000 ነበር። ይህ መድን የሚከፍለው እርስዎ ለጎዱት ሰው ነው። የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበትን መጠን ከውልዎ ላይ ይመልከቱ። ይህ ብቻ ያለው ባለ ቪትዝ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ የራሱን ባምፐር የሚያሠራው ከኪሱ ነው፤ የተበዳይነቱ ድርሻ ካለው ግን ወደ ፒክአፑ መድን ሰጪ ይሄዳል። የራስን መኪና ጭምር የሚያሠራው በተለምዶ “ሙሉ” የምንለው ውል ነው፤ እሱም በፈቃድ የሚገባ ነው።

ከሙሉው ውል ውስጥ ለሰርግ ወር የምትሆን አንዲት ነጥብ አለች። ኮድ 2 መኪና ለግል አገልግሎት ተብሎ ነው መድን የተገባለት። ለዘመድ ሰርግ በነፃ ማዋስ አንድ ነገር ነው፤ በቀን ይህን ያህል ብር ብሎ ለሙሽራ ማከራየት ሌላ። በኪራይ ላይ እያለ ከተጋጨ ድርጅቱ “ይህን አገልግሎት አልሸፈንኩም” ሊል ይችላል። ያዋሱትም ቢሆን የያዘው ልጅ ለዚያ መኪና የሚሆን መንጃ ፈቃድ እንዳለው፣ ጠላውንም ከመቼ እንደጀመረ ይወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ ሌላ ሰው ይነዳው ነበር ማለት አያድነውም።

ቀን መቁጠርም አለ። የመድን ውልን የሚገዛው አሁንም የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድኑን ክፍል አልነካውም። ሕጉ አደጋ የደረሰበት ሰው እንዳወቀ ወዲያው፣ ቢዘገይ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ይላል። ሰርጉ ቅዳሜ፣ መልሱ እሑድ፣ ቅልቅሉ ሰኞ፣ ማክሰኞ ዕረፍት ካሉት ሐሙስ ሲመሽ ጊዜው ያልቃል። በቅዳሜው ምሽት ስልክ ደውለው ያሳውቁ፤ ሰኞ ጠዋት ባሕር ዳር ባለው ቅርንጫፍ ቀርበው ቅጹን ይሙሉ። ቅጹ ላይ አደጋውን ሲገልጹ የሆነውን ብቻ ይጻፉ። ሾፌሩን መቀየር፣ “ቆሜ ነበር” ብሎ ማሳመር የሚያዋጣ ይመስላል፤ የድርጅቱ ባለሙያ ግን የጭረቱን ከፍታና የቀለሙን ዓይነት አይቶ የትኛው ወደ የት ይመጣ እንደነበር ይገምታል።

ቀጥሎ ፕሮፎርማ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሦስት ጋራዥ ዋጋ ይጠየቃል፤ መኪናውን ባለሙያ ሳያየው ግን ላሜራ አያስነኩ፣ ስቱኮም አያስለጥፉ። በባሕር ዳር የሚያዘገየው የእጅ ሥራው ሳይሆን ዕቃው ነው። የቪትዝ የኋላ መብራት ከአዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜም ከሶማሌ ተራ ታዝዞ ይመጣል፤ ፕሮፎርማው ከተጻፈበት ቀን እስከሚጸድቅበት ዋጋው ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና ያስጽፉ።

የብሩ ነገር ሌላም ጣጣ አምጥቷል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ አሻቅቧል፤ በብዙ ውሎች ላይ የተጻፈው የመኪናው ግምት ግን እዚያው ነው። 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,000,000 ከተመዘገበ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር ግማሹን መድን የገቡት ራስዎ ጋር እንደሆነ ይቆጠራል፤ ለ40,000 ብር ጉዳት የሚደርስዎት 20,000 ነው። ከዚህም ላይ በውሉ የተጻፈው የራስ ድርሻ፣ ኤክሰስ የሚባለው፣ ይቀነሳል።

ከዚህ ሒሳብ በኋላ አንዳንዴ ካሳ አለመጠየቁ ይሻላል። ኤክሰሱ 5,000 ሆኖ ጭረቱ በ7,000 የሚሠራ ከሆነ የሚያገኙት 2,000 ብር ነው። ዓመቱን ያለ ካሳ ጥያቄ ላሳለፈ ደንበኛ ድርጅቶች በዕድሳት ጊዜ ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ያንን ሲያጡ 2,000ውን መልሰው ከፍለውት ሊያድሩ ይችላሉ። ማስታወቁን ግን አይተዉ፤ የተጋጨው ሰው በኋላ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላልና።

ሽማግሌው የሚፈለጉት እንግዲህ አሁን ነው። ጉዳቱ ታውቆ፣ ድርጅቶቹ መስማማታቸውን ገልጸው፣ ኤክሰሱን ማን ይሸከም የሚለው ብቻ ሲቀር፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት ቡና ይዘው ቢቀመጡ ያልቃል። ስምምነቱ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ ቀን፣ ታርጋና የብሩ ልክ ይኑረው።

መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ድርጅቱ የመልቀቂያ ወረቀት ያስፈርማል፤ ሥራው ደርሶኛል፣ ከእንግዲህ አልጠይቅም የሚል ነው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ድርጅቱ ሊወስደው ይችላል፤ ከጋራዡ እንዳይጠፋ አደራ ይበሉ። ፊርማውን በጋራዡ ጥላ ውስጥ አያድርጉት። መኪናውን ወደ ፀሐይ አውጥተው አዲሱን ቀለም ከአሮጌው ጎን ይዩት፤ የኋላ በሩን ሦስት ጊዜ ይክፈቱና ይዝጉ፤ ፍሬን ረግጠው የኋላ መብራቱ መብራቱን ሰው ይይልዎት።