የችሎት በር መቼ ይከፈታል? መቼስ ይዘጋል?

ጳጉሜን 6 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያውያን አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በመካ ታላቁ መስጊድ ግቢ ለማስፋፊያ ግንባታ የቆመ ግዙፍ ክሬን ወድቆ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ብዙዎቹ ሟቾች ለሐጅ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ምእመናን ነበሩ። የመካ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 አሥራ ሦስቱን ተከሳሾች ነጻ ቢያወጣም፣ ጉዳዩ በይግባኝ ቀጥሎ እንደገና እንዲታይ ተደረገ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2023 በግንባታ ተቋራጩ ላይ የ20 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ተወሰነ።

የሟች ቤተሰብ በሩቅ አገር ሆኖ ይህን የመሰለ ረጅም ክርክር ሊከታተል የሚችለው የችሎቱ በር ለሕዝብና ለጋዜጠኞች ክፍት ሲሆን ነው። ለመሆኑ በጅዳና በመካ ፍርድ ቤቶች የችሎት በር ሊዘጋ የሚችለው በምን ምክንያት ነው? ውሳኔውስ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳዑዲ ዓረቢያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 154 ያሰፈረው መርሕ ግልጽ ነው፤ ችሎት የሚካሄደው በይፋ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን በልዩ ሁኔታ ጉዳዩን በሙሉ ወይም በከፊል በዝግ ችሎት ሊሰማ፣ አልያም የተወሰኑ ሰዎች እንዳይገቡ ሊከለክል ይችላል። ለዚህም ሕጉ የሚቀበላቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ ጸጥታን ማስከበር፣ የሕዝብን ሥነ ምግባር መጠበቅና እውነቱን ለማውጣት አስፈላጊ ሆኖ መገኘቱ።

በዚያው ዓመት የወጣውና የፍትሐ ብሔር ክርክሮችን የሚመራው የሸሪዓ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 64 ተመሳሳይ መርሕ አስቀምጧል። ዳኛው በራሱ አነሳሽነት ወይም ከተከራካሪዎቹ በአንዱ ጥያቄ ችሎቱን ሊዘጋ የሚችለው የችሎቱን ሥርዓት፣ የሕዝብን ሥነ ምግባር ወይም የቤተሰብን ገመና ለመጠበቅ ሲባል ነው። የፍቺና የልጅ አስተዳደግ ክርክሮች ብዙ ጊዜ ከሕዝብ ዓይን የሚርቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁለቱ ሕጎች መረዳት እንደሚቻለው፣ በሩን የመዝጋት ሥልጣን የዳኛው እንጂ የከሳሽ መሥሪያ ቤት ወይም የአሠሪ አይደለም። ተከራካሪ ወገን ሊጠይቅ ይችላል፤ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤቱ ነው።

ዝግ ችሎት ማለት ደግሞ ሁሉም ነገር በምስጢር ይቀራል ማለት አይደለም። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ፣ ክርክሩ በዝግ ቢሰማም ፍርዱ በግልጽ ችሎት እንዲነበብ ያዝዛል። ዝግ የተባለው ችሎት ለተመልካች እንጂ ለተከሳሹ ዝግ አይደለም። ተከሳሽ ሥርዓት ካላወከ በስተቀር ከችሎት አይወጣም፤ ቢወጣም እርሱ በሌለበት የተከናወነው ሊነገረው ይገባል። ዓረብኛ የማይችል ሰው ደግሞ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው።

የዚህ ጉዳይ ክብደት በጅዳም ታይቷል። ኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም. በከተማይቱ የጣለው ከባድ ዝናብ ያስከተለው ጎርፍ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ። የውሃ መውረጃ ሥራዎች ስለምን እንዳልተሟሉ፣ በጎርፍ መንገድ ላይ ስለምን ቤት እንዲሠራ እንደተፈቀደ ሕዝቡ ጠየቀ። ንጉሥ አብደላህ በመካ ክልል አስተዳዳሪ በልዑል ኻሊድ አል ፈይሰል የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ከዚያም ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች ለፍርድ ቀረቡ። በእንዲህ ያለ ጉዳይ የፍርድ ሂደቱ በይፋ መታየቱ ከተከሳሾቹ ዕጣ ፋንታ ባሻገር፣ ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት ነዋሪ ለጥያቄው መልስ የሚያገኝበት መንገድ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በዚሁ ሚዛን ላይ የቆመ ነው። አንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎች በግልጽ ችሎት የመዳኘት መብት እንዳላቸው ደንግጎ፣ ዝግ ችሎትን የሚፈቅደው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን የሞራል ሁኔታና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው። አንቀጽ 58 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በግልጽ እንደሚካሄድ ደንግጎ፣ በዝግ እንዲሆን በምክር ቤቱ አባላት ወይም በአስፈጻሚው አካል ሲጠየቅና ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሲደግፉት ዝግ ስብሰባን ይፈቅዳል። በፍርድ ቤትም ሆነ በምክር ቤት በሩ የሚዘጋው በልዩ ሁኔታ ነው፤ ለመዝጋትም ምክንያትና ሥልጣን ያለው አካል ውሳኔ ያስፈልጋል።

በጅዳና በመካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህ ልዩነት የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። በቤት ውስጥ ሥራ ላይ ሳለች ጥቃት የደረሰባት እኅት ምስክርነቷን በተመልካች ፊት ለመስጠት ብትፈራ፣ ዝግ ችሎት ክብሯን ይጠብቅላታል። ደመወዙን የተነፈገ ወይም በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ግን ክርክሩ በይፋ ቢታይለት ይጠቀማል፤ ወዳጅ ዘመድ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ የተባለውና የተወሰነውም ይታወቃል።

የሳዑዲ ዓረቢያ መሠረታዊ የአስተዳደር ሕግ በአንቀጽ 47 ለፍርድ ቤት አቤት የማለት መብት ለዜጎችና ለነዋሪዎች በእኩልነት የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ጉዳዩ በፍርድ ቤት የሚታይ ሰው አስቀድሞ ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፦ ችሎቱ ግልጽ ነው ወይስ ዝግ? ዝግ ከሆነ ምክንያቱ ምንድን ነው? አስተርጓሚ ተመድቧል? ፍርዱ የሚነበበውስ መቼ ነው? ጠበቃ ያለው በጠበቃው በኩል፣ የሌለውም በጅዳ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት በማማከር መልሱን በጊዜ መፈለጉ ይበጃል። ዝግ ችሎት ይደረግልኝ የሚል ወገንም ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት ምስክርነቱ ከመሰማቱ በፊት ነው፤ በሰው ፊት አንዴ የተነገረ ቃል ተመልሶ አይሸሸግምና።