የልብ ረዳት
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዳገቱን ይዞ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ጥቂት እንደ ተራመደ የልቡ ምት ይፈጥናል። ስለዚህም ድካሙ ሁሉ የልብ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ደም ለእግር ጡንቻ በብዛት ይደርስ ዘንድ የደም ሥሮችም መስፋት አለባቸው። እንዲሰፉ የሚያዛቸው ምንድን ነው?

የደም ሥር ውስጡ በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ደም በብርታት ሲፈስ ሽፋኑን ይዳብሰዋል፤ ሽፋኑም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል። የጋዙ ዕድሜ ከጥቂት ሴኮንድ አይበልጥም። ይሁን እንጂ በዚያች ጊዜ ወደ ደም ሥሩ ጡንቻ ዘልቆ ያላላዋል። ጡንቻው ሲላላ ሥሩ ይሰፋል፤ ግፊቱ ይረግባል፤ የልብም ሸክም ይቀላል።

ይህ ምሥጢር የተገለጠው ዘግይቶ ነው። የድማሚት መሥሪያ የሆነው ናይትሮግሊሰሪን የልብን ውጋት እንደሚያስታግስ በ19ኛው መቶ ዓመት ታውቆ ነበር። ድማሚትን የፈለሰፈው አልፍሬድ ኖቤል ራሱ ይህ መድኃኒት በታዘዘለት ጊዜ መገረሙን በደብዳቤ ገልጿል። መድኃኒቱ የሚሠራው ይህንኑ ጋዝ በማስገኘት መሆኑ የተረዳው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት ስለ ጋዙ ባገኙት ዕውቀት የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩ የአገራችንንም ደገኞች ይመለከታል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ኦክስጅንም ያንሳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በታተመ ጥናት፣ በስሜን በ3,700 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ አማሮች ሽንት ውስጥ የዚህ ጋዝ ምልክት ከቆላ ወገኖቻቸው በልጦ ተገኝቷል፤ የታችኛው የደም ግፊት ቁጥራቸውም አንሶ ታይቷል። በባሌ በ4,000 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች በበኩላቸው ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን በማብዛት ይቋቋሙታል። መንገዱ ሁለት፣ ችግሩ ግን አንድ ነው።

ቀኑን በወንበር ላይ ለሚያሳልፍ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ትምባሆ፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ያንን ስስ ሽፋን ይጎዳሉ። በእግር መሄድ ግን ያነቃዋል፤ እንደ ቀይ ሥርና ሰላጣ ያሉ አትክልቶችም ለጋዙ መሥሪያ የሚሆን ነገር ይሰጣሉ። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያድር ስለ ሆነ መለካት ይገባል፤ ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ልባችን ሌሊትም አያርፍም። ረዳቱን ብንጠብቅለት የምንጠቅመው ራሳችንን ነው።