የጨዋታ ሞተር ይሻላል ወይስ ላይብረሪ?

ባለፈው ዓመት ለወላጆች ቀን የገበጣን ጨዋታ በኮምፒዩተር ሠርተን እንድናሳይ እኔና አንድ ጓደኛዬ ተመርጠን ነበር። ሥራው ሳይጀመር ግን ክርክር ተነሣብን። ጓደኛዬ ጎዶት በሚባለው የጨዋታ ሞተር እንሥራ ሲል፥ እኔ ሬይሊብ በሚባለው ላይብረሪ ካልሆነ አልሁ። በመጨረሻ በሁለቱም ሠርተነው ስለ ነበር ያየሁትን ለአንባቢዎች ላስረዳ እወዳለሁ።

ላይብረሪ ስል የትምህርት ቤታችንን የንባብ ክፍል ማለቴ እንዳልሆነ ወላጆቻችን ይረዱልኝ። ሌሎች ሰዎች አስቀድመው የጻፉት፥ «ክብ ሣል» ወይም «ድምፅ አሰማ» ሲሉት የሚታዘዝ የፕሮግራም ስብስብ ነው። ሬይሊብን እ.ኤ.አ. በ2013 ራሞን ሳንታማሪያ የተባለ ስፔናዊ የጀመረው ለማስተማሪያ እንዲሆን ብሎ ነው። ጎዶት ከአርጀንቲና የመጣ ሲሆን፥ ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ዋናው ልዩነታቸው እንዲህ ነው። በጨዋታ ጊዜ ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ እየጠፋ እንደገና ይሣላል። በሬይሊብ ይህን ዙር የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ላይብረሪውንም በፈለግሁ ጊዜ እጠራዋለሁ። በጎዶት ግን ዙሩን የያዘው ሞተሩ ስለ ሆነ፥ የኔን ጽሑፍ ተራው ሲደርስ እርሱ ይጠራዋል።

ገበጣችን 12 ጉድጓዶችና 48 ጠጠሮች ነበሩት። በጎዶት ጉድጓዱን ለመንካት የተዘጋጀ ቁልፍ ስላለ ሥራው ባንድ ቀን አለቀ። በሬይሊብ ግን ማውሱ ከጉድጓዱ መካከል ምን ያህል እንደሚርቅ ራሴ ማስላት ነበረብኝ። የፒታጎራስ ሕግ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ፊደላችን ነው። በሬይሊብ «የገበጣ ጨዋታ» ብዬ ብጽፍ በስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተሰለፈ። የአማርኛ ፎንት ብሰጠውም ያው ሆነ። ነገሩን ስመረምር፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ከፎንቱ የሚያነሣው 95 የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ብቻ ኖሯል። በዩኒኮድ ዋና ክፍል ለኢትዮጵያ ፊደል የተመደቡትን 384 ቦታዎች አንድ በአንድ እንዲያነሣ ካዘዝሁት በኋላ ጻፈልኝ፤ ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ጎዶት ፎንቱን እንደ ተቀበለ ወዲያው ጽፎታል፤ ጓደኛዬም ይህን እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

ጎዶትም ቢሆን ነቀፌታ አላጣም። ኮምፒዩተራችን አሮጌ ስለ ሆነ፥ ቩልካን በሚባለው መንገድ አልሠራ ብሎ ነበር፤ በኦፕንጂኤል የሚሠራውን ስንመርጥለት ተከፈተ። ከዚያም ጠጠሮቹ አንዳንድ ጊዜ 47 ሆነው ተገኙ። የትኛው ክፍል ማንን እንደሚጠራ ስላላወቅን አንድ ሳምንት ፈለግን። ያው ስሕተት በሬይሊቡ ቢደርስ፥ ዙሩን ከላይ እስከ ታች አንብበን ባንድ ሰዓት አርመነዋል።

በዋጋ በኩል ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ ፈቃዳቸውም የሠሩትን ጨዋታ መሸጥ አይከለክልም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዩኒቲ የተባለው ምንጩ ዝግ የሆነ ሞተር እ.ኤ.አ. በ2023 ጨዋታው በተጫነ ቍጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ ብዙ ሠሪዎችን አስደንግጧል፤ ሐሳቡንም በጨዋታ ረገድ የሰረዘው በ2024 ነው።

ቀን የተቈረጠለት ሥራ ያለበት ሰው ጎዶትን ይያዝ፤ ኮምፒዩተሩ ምን እንደሚሠራ ማወቅ የሚፈልግ ግን በሬይሊብ ይጀምር እላለሁ። ለወላጆች ቀን የቀረበው የጎዶቱ ነበር። የጠፋችውን ጠጠር ግን እስካሁን አላገኘናትም።